የአመልካቹ ወንበር

አስተማሪው የሞተው በተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

መርማሪዋ ከበሩ ሆና መጀመሪያ ያየችው ጀርባውን ነው፤ ክርኑ ላይ በጥሩ እጅ የተጠገነ ቡናማ ሹራብ። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ለአፍታ ያሸለበ ሰው ይመስላል። ቀኝ እጁ አጠገብ አንድ ብርጭቆ አለ፤ ከሥሩ ጥቂት ውሃና አንዲት የሎሚ ቁራጭ ቀርቶበታል። ከጠረጴዛው ማዶ ባለ ክንድ ትልቅ ወንበር ባዶውን ተጎልቷል።

ክፍሉ ከፎቶ ቤት በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነው። ሰዎች ከሥራ ሲወጡ እዚህ እየመጡ እንግሊዝኛ ይማራሉ። ሁሉንም እንግሊዝኛ አይደለም፤ ሥራ ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ የሚያስፈልጋቸውን ብቻ። ግድግዳው ላይ ጥያቄዎቹ በትልልቁ ተጽፈው ተለጥፈዋል። ስለ ራስህ ንገረን። ለምን አንተን እንቅጠር? ድክመትህ ምንድን ነው?

«ይቺን የመጨረሻዋንማ እኔም አልመልሳት» አለ ሳጅኑ ትንፋሹን እየሰበሰበ። ጡረታው የተቃረበ፣ ደረጃ በወጣ ቁጥር ፎቅ የሠራውን ሁሉ የሚረግም ሰው ነው። «ሚስቱ የልብ በሽተኛ ነበር ብላለች። ልቡ ቆመ፣ አለቀ። እንፈርምና እንውረድ፣ እትዬ ቆይ።»

«ቆይ።»

ቅጽል ስሟን ያወጡላት በዚህችው ቃል ነው። ተጠርጣሪ ሲምል «ቆይ»፣ አለቃዋ ሲጮህ «ቆይ»። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ብርጭቆውን ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየችው። ከሥሩ እንደ ደቃቅ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ዘቅጧል።

«ብርጭቆውንም ጥግ ያለውን የውሃ ማሰሮም ለየብቻ ላብራቶሪ አድርስልኝ» አለች። «አሻራም ይነሳ።»

«አሻራውማ የሁሉም ነው። በየቀኑ ሁሉም ይነካካዋል።»

ሚስትየዋ ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት፤ እራት ሲዘገይባት ልትጠራው መጥታ። አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የራሷ ያልሆኑ ይመስል ትመለከታቸዋለች።

«ባለቤትዎ ሲያስተምር የት ነበር የሚቀመጠው?» አለቻት መርማሪዋ አጠገቧ ዝቅ ብላ።

«ትልቁ ወንበር ላይ። እሱ የቀጣሪው ነው፤ ትንሹ የአመልካቹ። ተማሪው ትንሹ ላይ ይቀመጥና እሱ እንደ ቀጣሪ ሆኖ ያፋጥጠዋል።»

«ዛሬ ግን ትንሹ ላይ ነው።»

«የመጨረሻ ቀን ይቀያየራሉ። የተማሪው ቃለ መጠይቅ ነገ ከሆነ፣ ዛሬ ተማሪው ቀጣሪ ይሆናል፣ እሱ አመልካች። ነገ የሚለብሱትንም ለብሰው ይመጣሉ። ጫማው እግራችሁን ዛሬ ይላጠው እንጂ ነገ አይላጣችሁ ይላል።» ራሷን አረመች። «ይል ነበር።»

«ውሃውስ?»

«ከትምህርቱ አንዱ ነው። ጥያቄ ሲከብዳችሁ ከውሃው ጎንጨት በሉ፣ እስክትውጡ መልሱ ይመጣላችኋል ይላቸዋል። ሎሚውን እኔ ነኝ ያስለመድኩት። መድኃኒቱ አፉን ይመረዋል።»

«እርስዎም እንግሊዝኛ ያውቃሉ?»

ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ስንት ዓመት ለመነኝ። ከአንተ ጋር በአማርኛ መጣላት ይበቃኛል አልኩት።»

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሠላሳ ዓመት ግድም የሆነው ጎልማሳ እየሮጠ ቢመጣም ተረከዙን ሳይጥል ነው፤ የጋለ ምድር እንደሚረግጥ ሰው።

«እታለም!»

ሚስትየዋ ያን ጊዜ ገና ተንሰቀሰቀች። ደረቱ ላይ ወደቀች፣ እሱም ጭንቅላቷን አቅፎ አብሯት አለቀሰ።

«ወንድሜ ነው» አለች ቀና ስትል። «እናታችን ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበር። እኛ ነን ያሳደግነው፤ አብሮን ነው የሚኖር። እሱም እዚሁ ያስተምራል። ምክትሉ ነው፣ ቀኝ እጁ።»

መርማሪዋ የምክትሉን ጫማ አየች። ጥቁር ቆዳ፣ አዲስ፣ ገና መታጠፊያው ላይ እንኳ ያልተሸበሸበ። ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን አየች።

«የዛሬውን ንገረኝ።»

ከሳጅኑ እጅ የውሃ ጠርሙሱን ተቀብሎ ጎንጨት አለ። «ትምህርት እንደ ወትሮው አለቀ። እኔ ተማሪዎቹን ሸኘሁ፣ ጋሼ ትንሽ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ። እኔም ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ጓደኛ አገኘሁና ቆየሁ፤ እዚያው ሳለሁ እታለም ደወለችልኝ።» መልሱ ጥርት ያለ ነው፤ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው።

«ነገ ቃለ መጠይቅ ያለው ተማሪ ማን ነው?»

እንደገና ጎንጨት አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዲት ነርስ አለች። ወንበር የቀየረው ለእሷ መሆን አለበት። ውሃውን የማዘጋጀት ተራም የእሷ ነበር፣ ሁላችን ስንወጣ ብርጭቆ እያጠበች ነው የቀረችው። እኔ እንኳ በሰው ላይ አፌን መክፈት አልወድም።»

«ከአስተማሪው ጋር የተጣላ ሰውስ?»

«አንድ ሾፌር፣ የቀድሞ ተማሪያችን። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ጮኸበት። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

*

በማግስቱ ጠዋት የላብራቶሪው ውጤት መጣ። ብርጭቆው ውስጥ የልብ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ለብዙ ቀን የሚበቃው በአንድ ጊዜ። ማሰሮው ግን ንጹሕ ነው። አለቃዋ ውጤቱን አንብቦ ሳይጨርስ ነርሷን አስይዟታል።

«መድኃኒት ታውቃለች፣ ውሃውን አዘጋጅታለች፣ ቃለ መጠይቋ ዛሬ ነው» አለ ጣቱን እያጠፈ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምክንያት» አለች መርማሪዋ።

ነርሷን የጣቢያው ክፍል ውስጥ ቆማ ነው ያገኘቻት፤ አልቀመጥም ብላ። ቀጭን፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ጋሼን ገደልሽ ይበሉኝ ግዴለም፣ እውነቱ ይወጣል። ስልኬን ብቻ ስጡኝ! ከሰዓት በኋላ ይደውሉልኛል።»

«ማን?»

«ቀጣሪዎቹ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ሆስፒታል ነው። ካላነሳሁ ሁለተኛ አይደውሉም። ሁለት ልጅ ብቻዬን ነው የማሳድገው፣ አሁን ያለሁበት ክሊኒክ ደግሞ ሊዘጋ ነው።»

መርማሪዋ ወደ እሷ ሄድ ብላ ድንገት ቆመች። «ቆይ። ቃለ መጠይቅሽ በስልክ ነው?»

«አዎ።»

«ወንበር ሲቀይርልሽ እንዴት ተቀመጣችሁ?»

«የስልኩ ሌላ ነው። ትናንት ትምህርት ሳይጀመር ሠራነው። ጠረጴዛው ገለል ይልና ጀርባና ጀርባ ሰጥተን እንቀመጣለን፤ ፊት ሳናይ ድምፅ ብቻ እንድንሰማ። ውሃም የለም። በስልክ ስትውጪ ጉሮሮሽ ይሰማል፣ ይሳቅብሻል ይላል ጋሼ።»

«ምክትሉ ይሄን ያውቃል?»

ነርሷ አመነታች። «በስልክ መሆኑን ለእሱ እንዳትነግሪው ብሎኛል። የስልክ ተማሪዎችን በሙሉ ሰሞኑን ከእሱ ወስዶ ራሱ ይዞ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ሆድ ብሶት ነበር፣ እትዬ።»

ሾፌሩን የመኪና ማጠቢያ ጋ አገኙት፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የሰው ታክሲ ያጥባል። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው።

«አባቴ፣ አስተማሪው ላይ ጮኸውበት ነበር?» አለችው።

«ጮኼያለሁ። ካቴናችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ከሆነ ግን ጎማዎቹን ልጨርስ፤ ሰውየው ግማሽ መኪና ታጥቦ አልከፍልም ይለኛል።»

ሳጅኑ ሳቀ። ሾፌሩ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለ።

«ያሳፍራል እንጂ እነግርዎታለሁ። አንድ የውጭ ድርጅት ሾፌር ፈልጎ በስልክ ነበር ጥያቄው። ምክትሉ፣ ያ ልጅ፣ ‹ስልኩን ለእኔ ስጠኝ፣ አንተን ሆኜ ልመልስልህ፣ ዋጋውን ብቻ ቻል› አለኝ። ቸኮልኩና ሰጠሁት። ተቀጠርኩ! በመጀመሪያው ቀን ፈረንጁ አለቃ መኪና ውስጥ ገብቶ ያወራኝ ጀመር። እኔ እንደ ዓሣ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ‹ያ በስልክ ያናገርኩት ሰው የታለ?› ብሎ በዚያው ቀን አባረረኝ። ይኸው እዚህ ነኝ።»

«ለአስተማሪው ነገሩት?»

«ሄጄ ጮኽኩበት፤ የሚያውቅ መስሎኝ። አያውቅም ነበር፣ እናቴ። ፊቱ አመድ ሆነ። ‹ከእኔ ቤት?› ነው ያለው፤ ሌላ ነገር አላለም። ስንቱን እንደዚያ እንዳደረገ እንጃ። እኔ መጮኼ ቆጨኝ።»

ከዚያ መርማሪዋ የሟቹን ስልክ አወጣች። በሞተበት ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ስም ያልተመዘገበለት ቁጥር ደውሎለታል። መልሳ ደወለች። ረጋ ያለች ሴት አነሳች። መርማሪዋ ብዙ አደመጠች፣ ጥቂት ጠየቀች፣ ስልኩን ዘጋች።

«ምን አሉ?» አለ ሳጅኑ።

«ነርሷን ከነስልኳ ትምህርት ቤቱ ድረስ አምጣልኝ፤ ሾፌሩና ምክትሉም ይምጡ። ለጥያቄ ነው በል። አለቃ ከጮኸ...»

«‹ቆይ› እለዋለሁ።»

ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ሚስትየዋ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ከቦርሳዋ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣችና መዳፏ ላይ አኖረችላት። ባዶ ነው።

«ባለፈው ሳምንት ነው የገዛሁት» አለች። «ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ዛሬ ጠዋት ልሰጥዎ ባነሳው ቀለለኝ።»

መርማሪዋ ብልቃጡን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

«በዚያ ቤት ሦስት ነበርን» አለች ሚስትየዋ፤ ከዚያ ቀድማት ደረጃውን ወጣች።

*

ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ሚስትየዋ፣ ነርሷ፣ ሾፌሩ፣ ምክትሉ። ሁለቱን ወንበሮች የደፈረ የለም፤ ከጥግ ካሉት እየሳቡ ነው የተቀመጡት። ሳጅኑ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረበና በሩ አጠገብ ቆመ። ነርሷ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ደቂቃ በደቂቃ ታየዋለች። ምክትሉ ዛሬ ሸራ ጫማ አድርጓል፤ ከካልሲው በላይ ፕላስተር ይታያል።

«ሟቹ በአመልካቹ ወንበር ላይ ነው የተገኘው» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው በማግስቱ ቃለ መጠይቅ ያለው ነው። አለቃዬም ምክትሉም ነርሷን ያሉት ለዚህ ነው።»

ነርሷ ውሃዋን ጎንጨት አለች።

«ግን የእሷ በስልክ ነው። ለስልክ ጀርባና ጀርባ ነው የሚቀመጡት፤ ጠረጴዛም ብርጭቆም የለም። አስተማሪው የሞተው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ውሃ ቀርቦለት ነው። በማግስቱ ከቀጣሪው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ሌላ ሰው ነበር።»

ምክትሉ ቀና አለ። በስልክ መሆኑን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ፊቱ ላይ በግልጽ ተነበበ።

«እኔም አይደለሁም» አለ ሾፌሩ፣ ብርጭቆውን ግማሽ ጨልጦ። «እኔን የሚጠይቅ ቀጣሪ ካለ አድራሻውን ስጡኝ።»

«እርስዎን ከተባረሩ ወዲህ የጠራዎት የለም፣ አውቃለሁ። ማሰሮው ንጹሕ ነው፤ መድኃኒቱ የገባው አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው። መድኃኒቱ የወጣው ደግሞ ከሟቹ ወጥ ቤት ነው። ነርሷም ሾፌሩም እዚያ ቤት ረግጠው አያውቁም። ከቤቱ ሰዎች ሚስቱ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ቀጣሪ ሆና ልትጠይቀው አትችልም።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «አንተ ትናንት ማታ አዲስ ጫማ አድርገህ እያነከስክ መጣህ። እግርን ዛሬ ይላጠው የሚባልለትን ጫማ።»

«ጫማ መግዛት ወንጀል ሆነ? እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ምን ቃለ መጠይቅ አለኝ?»

«ትልቁ የቋንቋ ተቋም ውስጥ፣ ለክፍል ኃላፊነት፣ ዛሬ ጠዋት። ሐዘን ደርሶብኛል ብለህ አዛውረኸዋል።»

ሚስትየዋ ወንድሟን አየችው። «ልትሄድ ነበር? ሳትነግረኝ?»

«እታለም፣ ልነግርሽ ነበር፣ እስኪሆን ብዬ ነው።»

«ውሃ ጠጣ» አለችው መርማሪዋ በለስላሳ ድምፅ። «ጥያቄው ከብዷል። ትናንት ከሳጅኑ ጠርሙስ በየጥያቄው ትጎነጭ ነበር። ዛሬ ከተቀመጥክ ጀምሮ ብርጭቆህን አልነካህም።»

ሁሉም ብርጭቆውን አዩት። ሙሉ ነው። ምክትሉም አየው፤ እጁን ግን ከጠረጴዛው ሥር አላወጣም።

«በሰው ስም በስልክ እየመለስክ ታስቀጥር ነበር። ጋሼህ ደረሰበት። አጋልጥሃለሁ አለህ?»

«አላለም» አለ ሾፌሩ ቀድሞት። «ያ ሰው አያጋልጥም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ!» አለ ምክትሉ።

«ተቋሙ ስላንተ ሊጠይቀው ደውሎለት ነበር» አለች መርማሪዋ። «እሱ የመለሰላቸውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ! ራሱ ነገረኝ እኮ!» ምክትሉ ከመቀመጫው ተነሳ። «ከፊቱ ተቀምጬ ጠየቅኩት፤ ምን አልካቸው ብዬ። ያን ውሃውን ጎንጨት አለና፣ ‹ነገ ራስህ ትነግራቸዋለህ› አለኝ። ፈገግ ብሎ! ዕድሜ ልኬን እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ የእሱ ምክትል ሆኜ እንድቀር...»

አቋረጠ። የተናገረው ገና ያን ጊዜ ጆሮው ገባ።

«‹ከፊቱ ተቀምጬ› አልክ» አለች መርማሪዋ። «መንገድ ላይ ጓደኛ አግኝተህ የቆየኸው ያን ጊዜ ነው። ሌሎቹ ሲሄዱ ተመለስክ። ወንበር ቀይርልኝ አልከው። እንደዚያ አዝኖብህም እምቢ አላለህም፤ ቃለ መጠይቅ ያለበትን ተማሪ እምቢ ብሎ አያውቅም። ከባድ ከባዱን ጠየቅከው። እሱም እንዳስተማረው እየተጎነጨ መለሰልህ።»

ምክትሉ ተመልሶ ተቀመጠ።

«የቀረውን ግን አልጠየቅከውም» አለች። «ተቋሙ ውስጥ ያለችው ሴት ቃል በቃል ነገረችኝ። ‹ከእኔ የተሻለ አስተማሪ ነው። አንድ ጥፋት አለበት። ድክመትህ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ራሱ ከነገራችሁ ሳታመነቱ ቅጠሩት። ልጄ ነው፣ አያሳፍራችሁም።› ብሎ ነበር።»

ምክትሉ ወደ አመልካቹ ወንበር ዞሮ አየ።

ሚስትየዋ ስትናገር ድምፅዋ ወንድሟን ልጅ ሳለ ከእንቅልፉ የምትቀሰቅስበት ነበር።

«ሎሚውን አብዝተህለት ነበር?»

«እታለም...»

«እንዳይመረው?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ከዚያ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«እኔ ነኝ ያሳየሁህ» አለች። እጁን ሊይዛት ሲዘረጋ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች፤ ሳጅኑ ትከሻውን ይዞ ሲያስነሳውም፣ በሩ ሲዘጋም፣ ቀና ብላ አላየችም። ደረጃው ላይ የሚወርድ የሸራ ጫማ ድምፅ የለውም፤ የሚሰማው የሳጅኑ ብቻ ነበር።

ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ያዘ። መርማሪዋ ብርጭቆዎቹን ለመሰብሰብ ተነሳች፤ እጇን የሆነ ሥራ ማስያዝ ፈለገች።

ያን ጊዜ የነርሷ ስልክ ጮኸ።

ነርሷ ስልኩን አየችው፣ ሚስትየዋን አየቻት። «አላነሳውም» አለች በሹክሹክታ። «አሁን እንዴት አድርጌ አነሳዋለሁ? ነውር ነው።»

ሚስትየዋ ተነሳች። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋችው፤ ሾፌሩ ሮጦ አገዛት። ትንሹን ወንበር አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ትልቁን ከኋላው አስጠግታ ወደ በሩ አዞረችው። የነርሷን ክንድ ይዛ ትንሹ ላይ አስቀመጠቻት። ራሷ ባሏ ይቀመጥበት ከነበረው ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባና ጀርባ።

«አንሺ፣ ልጄ» አለች።

ነርሷ አነሳች። የመጀመሪያው ቃሏ ተሰበረ። ሁለተኛው ግን ጸና። ጀርባዋ ላይ የሌላ ሰው ጀርባ ሙቀት ይሰማታል፤ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ድምፅ ግን አላወጣም። ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሏት፣ ዓይኗን ጨፍና መናገር ጀመረች።

ሚስትየዋ ከሚነገረው አንዲት ቃል አልገባትም። ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ፣ የነርሷ ጥሪ እስኪያበቃ ድረስ ነርሷ ሳታያት አለቀሰች።